ፍጥነቱን ማን መለሰለት?



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ ላስቸግራችሁ። በግራ በኩል ያለውን ሰፊ መስኮት እዩልኝ። ሰዓቱ አስራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል፤ የጥቅምት ፀሐይ ገና አልገባችም። ባሕር ዛፎቹ ይታያሉ፤ የቆሙት መኪኖች ይታያሉ፤ በሩ ጥግ ጀበናዋን የጣደችው እህታችንም ትታያለች። መስታወቱ ብቻ አይታይም። ይህን ልብ በሉልኝና እናቆየው፤ ስንጨርስ እንመለስበታለን። ሌላም ማሳሰቢያ አለችኝ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግዶቼ የሩቅ አገር ሰዎች ስለሆኑ በለመዱት ቀን መቁጠሪያ ላስተናግዳቸው ብዬ ነው።

እዚህ የቆምኩት ዕዳ ልከፍል ነው። ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ሳለሁ ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ብርሃን ስብረት አስተምር ነበር። ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ 200,000 ይወርዳል። ከመስታወቱ ሲወጣ እንደገና 300,000 ይሆናል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መኪና ፍሬን ይዞ ከቀነሰ በኋላ እንደገና እንዲፈጥን ነዳጅ ይሰጠዋል። ብርሃኑ ከመስታወቱ ሲወጣ ፍጥነቱን ማን መለሰለት?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ላብ አጠመቀኝ። አላውቅም ማለት ደግሞ በዚያ ዕድሜ ለመምህር ሞት ነው። ስለዚህ ወዲያው አንድ ተረት ፈጠርኩ፦ ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ መርካቶ እንደገባ ሰው ነው አልኳት፤ ከአንዱ አቶም ይጋጫል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ከሌላው ይጋጫል፤ ከግርግሩ ሲወጣ በራሱ እርምጃ ይቀጥላል። ልጆቹ ወደዱት። እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ምሳሌዋ አፌ ላይ ስለጣፈጠችኝ ለብዙ ዓመት ደጋገምኳት።

ምሳሌዋ ስህተት ነበረች። ስህተቷን ለማወቅ ፊዚክስ እንኳ አያስፈልግም፤ መርካቶን ማወቅ ይበቃል። በግርግር ውስጥ እየተገፋ የሄደ ሰው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ምን አለሽ ተራ ልሄድ ብሎ ራሱን ሸማ ተራ ያገኘዋል። ብርሃንም በየአቶሙ እየተላተመ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በዚያ መስኮት የጀበናዋን ቅርጽ ማየት ባልቻልን ነበር፤ ነጭ ጭጋግ ብቻ ይታየን ነበር። እንዲህ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ወተት ውስጥ። ወተት ነጭ የሆነው ብርሃን በየቅባቷ ነጠብጣብ እየተላተመ መንገዱን ስለሚስት ነው። መስታወት ግን ወተት አይደለም።

እንግዲህ ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው? ለእሱ ብርሃን ከምን እንደሚወለድ ማወቅ አለብን።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት የተደረጉ ሙከራዎችን በእኩልታ እያሰረ ነበር። ስለ ብርሃን አልነበረም የተነሣው። የእኩልታዎቹ ነገር አንድ ጉድ አወጣ፦ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይወልዳል፤ የማግኔቱም ሲለዋወጥ መልሶ ኤሌክትሪኩን ይወልዳል፤ ሁለቱ እየተዋለዱ በባዶ ቦታ እንደ ሞገድ ይሄዳሉ። በምን ፍጥነት? ሌሎች ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስና ሽቦ ይዘው ከለኩት ቁጥር ተነሥቶ ሲያሰላው፣ ያገኘው ፍጥነት ፈረንሳዊው ፊዞ በ1849 በሚሽከረከር ጥርስ ያለው ጎማ ከለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር ተቀራረበ። አንድ ሰው ስለ በግ ዋጋ ሲያሰላ ውሎ የጨረቃን ርቀት ቢያገኝ እንዴት ይደነግጣል? ማክስዌልም ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው ብሎ ደመደመ፤ ዋናውን ጽሑፉንም በ1865 አሳተመ።

ሲደመደም ግን ወረቀት ላይ ነበር። በተግባር ያሳየው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርትዝ ነው። በ1887 በካርልስሩኸ ከተማ፣ በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያስነሣ፣ ራቅ ብሎ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ የሽቦ ቀለበት ያስቀምጣል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ጠባብ ክፍተት አለው። እዚህ ብልጭ ሲል፣ እዚያ ክፍተት ላይ በጨለማ ክፍል ካልሆነ የማትታይ ጭላንጭል ብልጭታ ትዘላለች። በመካከላቸው ሽቦ የለም። ይህች ጭላንጭል የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የሞባይል ሁሉ እናት ናት። ኸርትዝ ግን ልጆቿን አላየም፤ በ1894 በ36 ዓመቱ አረፈ። ሬዲዮናችሁ ላይ «ሜጋኸርትዝ» የሚለው ቃል የእሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ዛሬ ደጋግሜ የምጠራት አንዲት ሐሳብ አለች። የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከመ ነገር፣ በተለይም ኤሌክትሮን፣ ሲወዛወዝ ሞገድ ያሰራጫል። ሞገዱ ሌላ ኤሌክትሮን ላይ ሲደርስ ያንን ያወዛውዘዋል። ያኛውም በተራው ስለተወዛወዘ የራሱን ሞገድ ያሰራጫል። ሌላ ምስጢር የለም። የሚቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ኤሌክትሮኑ እንዴት ታሰረ፣ ሞገዱስ በምን ያህል ፍጥነት ይወዘውዘዋል የሚሉ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ በዕድሜ ጠና ያላችሁ የሞገድን ርዝመት በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ባለባትሪዋ ሬዲዮ ተከባ ስትደመጥ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን ሲጀምሩ «በአጭር ሞገድ፣ በ25 ሜትር ባንድ» ምናምን ይሉ ነበር። 25 ሜትር ማለት ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ያለው ርቀት ነው። 300ን ለ25 ስታካፍሉ 12 ታገኛላችሁ፤ 12 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም ማሰራጫው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ሰከንድ 12 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳሉ። ኤፍኤም አዲስ 97.1ን ስትሰሙ ሞገዱ ወደ 3 ሜትር ያጥራል። የኪሳችሁ ስልክ እንደ ባንዱ ከአንድ ስንዝር እስከ አንድ የተማሪ ማስመሪያ ይሆናል። የማይክሮዌቭ ምድጃ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እያነሰ እያነሰ ይሄድና አረንጓዴ ብርሃን ላይ ስትደርሱ፣ በአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ ከመቶ በላይ ሞገድ ይደረደራል። ከ25 ሜትሩ እስከዚህ ድረስ ነገሩ አንድ ነው፤ የተለየው ርዝመቱ ብቻ ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለችውን ጠባብ ፍንጣቂ ነው። ማታ ቤት ስትገቡ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙሩና ቁልፉን ተጫኑት፤ በዓይን የማይታይ ብርሃን ብዙ ስልኮች ላይ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ሲል ታዩታላችሁ። ካሜራው ከእኛ ጥቂት ሰፋ አድርጎ ያያል።

«ሞገድ ከሆነ ባሕሩ የታለ?» የሚል ይኖራል። የታላላቅ ሊቃውንትም ጥያቄ ይኸው ነበር። የባሕር ሞገድ ውሃ አለው፣ ድምፅ አየር አለው፤ ብርሃንስ በምን ላይ ይሄዳል? «ኤተር» የሚባል የማይታይ ነገር ጠፈሩን ሞልቶታል ብለው ስም አወጡለት። ኸርትዝ ብልጭታውን በሚቆጥርበት በዚያው በ1887፣ አሜሪካ ውስጥ ማይክልሰንና ሞርሊ ምድር በዚህ ኤተር ውስጥ ስትሮጥ የሚነሣውን ነፋስ ሊለኩ ተነሡ። ነፋሱ አልነበረም። ባሕሩም አልነበረም። ባሕሩ ቢኖር ኖሮ ከፀሐይ ተነሥቶ በባዶው ጠፈር ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ተጉዞ ያ መስኮት ላይ የደረሰው ብርሃን ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ።

ሠርግ ቤት ናችሁ እንበል። ፊት ለፊት ከበሮ ይመታል። ከከበሮው ጀርባ ብዙ ረድፍ አጨብጫቢ ቆሟል። እያንዳንዱ ረድፍ ከበሮውን ሰምቶ ያጨበጭባል፤ ግን ሰው ነውና ለቅጽበት ዘግየት ይላል። ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ የቆመ እንግዳ ከበሮውን ለብቻው አይሰማም፤ ከበሮውና ጭብጨባው ተዋሕዶ አንድ ምት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ያ ምት ከከበሮው ትንሽ የዘገየ ይመስላል። አንድ ረድፍ ሲጨመር ትንሽ ይዘገያል፤ መቶ ረድፍ ሲጨመር ብዙ ይዘገያል። የከበሮው ድምፅ ራሱ በአየር ላይ አንዲት ጊዜ እንኳ አልቀነሰም። የዘገየው ድምሩ ነው።

መስታወት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የመጣው ብርሃን ከበሮው ነው። የመስታወቱ ኤሌክትሮኖች አጨብጫቢዎቹ ናቸው፤ ብርሃኑ ያወዛውዛቸዋል፣ እነሱም የየራሳቸውን ሞገድ ጥቂት ዘግይተው ያክላሉ። የመጀመሪያው ሞገድና የእነሱ ሲደመር ጫፉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እያንዳንዱ የአቶም ረድፍ ትንሽ ትንሽ ስለሚያንሸራትተው፣ ከውጭ ሆነን ስንለካ ሞገዱ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሆኖ እናገኘዋለን። ከመስታወቱ ከወጣ በኋላስ? አጨብጫቢ የለም። መዘግየት የሚጨምር ረድፍ አለቀ።

ስለዚህ ልጄ፣ ዛሬ የት እንዳለሽ ባላውቅም መልሱ ይኸው፦ ማንም አልመለሰለትም፤ ማንም አልወሰደበትምና።

(የሠርጉ ምሳሌ ጉድለት አለው፤ ጭብጨባ ይቆራረጣል፣ ብርሃን ግን እንደ ዋሽንት ድምፅ የተያያዘ ነው። ምሳሌ ሲያነክስ ከወዲሁ መናገር ከመርካቶው የተማርኩት ነው።)

ብልህ አድማጭ አሁን ያቋርጠኛል። ኤሌክትሮኖቹ ሞገዳቸውን ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ያሰራጫሉ፤ ታዲያ መስታወቱ ለምን እንደ ወተት አይነጣም? አቶሞቹ ተጠጋግተው ስለታጨቁ ነው። በአንዲት የብርሃን ሞገድ ርዝመት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አቶሞች ይሰለፋሉ። ወደ ጎን የሚሄደውን የአንዱን ሞገድ ጫፍ የጎረቤቱ ሞገድ ሸለቆ ይሞላውና ይጠፋፋሉ። ወደ ፊት የሚሄደው ግን ከመጣው ብርሃን ጋር እኩል እየተራመደ ስለሚሄድ ይደመራል። ቀጥተኛ መንገድ የሚመስለን ነገር እንግዲህ የብዙ ሺህ ሞገዶች ስምምነት ነው።

የዥዋዥዌን ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጅ በዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ስትገፉ፣ በራሱ ምት ከገፋችሁት ትንሽ ጉልበት ሰማይ ያደርሰዋል። ከምቱ እጅግ ቀርፋፋ ሆናችሁ ብትገፉት ግን እጃችሁን ተከትሎ ትንሽ ብቻ ይነቃነቃል። ኤሌክትሮንም አቶም ውስጥ የራሱ ምት አለው። የመስታወት ኤሌክትሮኖች ምት ፈጣን ነው፤ ከሚታየው ብርሃን በፈጠነው በአልትራቫዮሌት ላይ ነው። የሚታየው ብርሃን ለእነሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ትንሽ ያነቃንቃቸዋል እንጂ ጉልበቱን አይነጥቁትም፤ የተቀበሉትን ሁሉ ይመልሳሉ። መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። አልትራቫዮሌት ሲመጣ ግን ምታቸው ይገጥምና ይውጡታል። ኸርትዝ ይህን ሳያስበው አይቶታል። የመጀመሪያው ብልጭታ ሲጋረድበት ሁለተኛዋ ጭላንጭል ደከመች። በመካከላቸው መስታወት ሲያቆም አሁንም ደከመች፤ መስታወቱን አንሥቶ ኳርትዝ ሲያቆም ግን አገገመች። ከብልጭታው የሚመጣ፣ ኳርትዝ የሚያሳልፈው መስታወት ግን የሚውጠው አንድ ነገር ነበረ፤ አልትራቫዮሌት። ይህችን ብልጭታ አትርሱብኝ።

ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ ይልቅ ለዚያ ምት ይቀርባል። ስለዚህ በመስታወትም ሆነ በውሃ ውስጥ ጭብጨባው ይበረታበታል፣ ይበልጥ ይዘገያል፣ ይበልጥም ይሰበራል። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን በየጠብታው ውስጥ ቀለማቱ የሚለያዩት በዚህ ነው። የማርያም መቀነት ያልነው ሁሉ የኤሌክትሮኖች ዥዋዥዌ ነው። ስያሜውን አልነካባችሁም፤ ከ«ቀስተ ደመና» እሱን እመርጣለሁ።

ስለ ግድግዳ ደግሞ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ብርሃን የማያልፍበትን ጭቃ ግድግዳ የስልክ ሞገድ እንዴት ያልፈዋል? ሰው የሚገምተው የሬዲዮ ሞገድ ጉልበተኛ ስለሆነ ነው ብሎ ነው። ተቃራኒው ነው። ለነገሩ መልሱን ሳምቡሳ ሻጮች ያውቁታል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት በነካው ቦታ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። ወረቀት ነጭ የሆነው ብርሃን የማያሳልፉ ነገሮች ስለሞሉበት አይደለም፤ በቃጫዎቹና በመካከላቸው ባለው አየር ድንበር ላይ ብርሃኑ ሺህ ጊዜ ስለሚነጥር ነው። ዘይቱ አየሩን አስወጥቶ ሲሞላው ድንበሩ ይደበዝዛል፣ ብርሃኑም ያልፋል። መስታወትም ፈጭታችሁ ዱቄት ብታደርጉት ነጭ ነው። ጭቃ ግድግዳም እንደዚሁ የአሸዋና የጭድ ድንበር ክምር ነው፤ በዚያ ላይ ከብርሃኑ የሚውጠው አለ። አንድ ስንዝር ለሚረዝም የስልክ ሞገድ ግን የአሸዋ ቅንጣት ምኑም አይደለችም፤ ሞገዱ ድንበሩን አያየውም። ደረቅ ጭቃ ግድግዳ ለሬዲዮ ሞገድ ትንሽ የቆሸሸ መስታወት ነው በሉት። ሲረጥብ ግን ውሃው ጉልበቱን ይጎትትበታል።

ብረት ሌላ ታሪክ ነው። በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ስልክ ሲጠራ ለምን በር ላይ ወጥተው እንደሚያወሩ አስተውላችኋል? ብረት ውስጥ ከየአቶሙ ያመለጡ፣ እንደ ልባቸው የሚሯሯጡ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሞገድ ሲመጣባቸው የሚይዛቸው ገመድ ስለሌለ በሙሉ ይሮጣሉ፤ ሩጫቸው የሚያሰራጨው ሞገድም የመጣውን ሞገድ ከብረቱ ውስጥ ያጠፋዋል፣ ወደ ውጭ ደግሞ አንጸባርቆ ይመልሰዋል። ፊታችሁን የምታዩበት መስታወት ጀርባው ላይ የተቀባው ስስ የብር ወይም የአልሙኒየም ቅብ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ኮንቴይነሩ ለስልክ ሞገድ መስታወት ነው፤ ሱቁ በአራቱም ማዕዘን መስታወት ተከቦ ሞገዱ በበርና በመስኮት ብቻ ይገባል። ቤት ስትሄዱ ስልካችሁን በወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉና ደውሉበት። የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ላይ ያለችው ባለቀዳዳ ብረትም ምስጢሯ ይኸው ነው፤ ቀዳዳዋ ለ12 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ከመጥበቧ የተነሣ እንደ ድፍን ብረት ትመልሰዋለች፤ ለብርሃን ግን ሰፊ በር ናት፤ ለዚህ ነው ወጡ ሲሽከረከር የምናየው ሞገዱ ግን የማይነካን።

እንዲህ ዓይነት መስታወት ከራሳችን በላይም አለ። ከምድር ከፍ ብሎ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ኤሌክትሮኖችን ከአየር ነጥቆ የለቀቀበት ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። እነዚያ ነጻ ኤሌክትሮኖች የአጭር ሞገድን ውዝዋዜ ተከትለው መሮጥ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሞገዱን አጥፈው ወደ ምድር ይመልሱታል። ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር እስከ እስያ ድረስ የተሰማው ሰማዩ ላይ እንደ ጣሪያ እየነጠረ ነው። የኤፍኤም ሞገድ ግን ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ አይደርሱበትምና በጣሪያው አልፎ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ወደ ጎጃም ስትጓዙ የአዲስ አበባ ኤፍኤም ብዙም ሳትርቁ ጥሏችሁ የሚቀረው በዚህ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚመጡት የሩቅ ጣቢያዎች ደግሞ ሲመሽ የሚጠሩት፣ ቀን ላይ ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ፀሐይ ስትገባ ስለሚበተን ነው። አያቶቻችን ሬዲዮ በማታ ጥሩ ይሰማል ሲሉ ስለ አዮኖስፌር እየመሰከሩ ነበር።

ሰማዩ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ በአጭሩ ላልፈው። የአየር ቅንጣቶች እንደ መስታወት አቶሞች ተጠጋግተው አልታጨቁም፤ ያለ ሥርዓት ተበትነዋል። ስለዚህ ወደ ጎን የሚያሰራጩት ሞገድ ሙሉ በሙሉ አይጠፋፋም፤ የተረፈው ወደ ዓይናችን ይመጣል። ፈጥኖ የሚወዛወዝ ኤሌክትሮን ደግሞ እጅግ የበለጠ ያሰራጫል፤ ውዝዋዜው እጥፍ ቢሆን ሥርጭቱ 16 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሂሳብ ሰማያዊው ከቀዩ ስድስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኗ ረጅም አየር ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ያልቅና ቀዩ ይደርሰናል። ራስ ዳሸን ላይ የወጣ ሰው ሰማዩ ወደ ጥቁር ያዘነበለ ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከአየሩ አርባ በመቶ ያህሉ ከእግሩ ሥር ቀርቷልና የሚበትንለት አንሷል።

አንድ ስለ ቋንቋችን የምናገረው አለ። አማርኛ «ጨረር» በሚለው አንድ ቃል የፀሐይን ብርሃን ዘለላ፣ የሆስፒታሉን ራጅ፣ የካንሰር ሕክምናውን፣ የአቶም ቦምቡን ቅሪት፣ የስልክ ማማውን ሥርጭት ሁሉ ይጠራል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ፍርሃቱም አንድ ሆነ። ሰፈር ውስጥ የስልክ ማማ ሲተከል የምሰማው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ቃል የመጣ ነው።

አልበርት አይንስታይን በ1905 ያለውን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይላል፤ ኸርትዝም ያቺን ብልጭታ ይዞ የሚመለሰው አሁን ነው። አልትራቫዮሌቱ ያበረታት ኤሌክትሮኖችን ከብረቱ እየነቀለ ስለነበር ነው። እንግዳው ነገር፣ ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበዛ የማይነቅለውን ኤሌክትሮን ደካማ አልትራቫዮሌት ይነቅለዋል። አይንስታይን ብርሃን ጉልበቱን እንደ ውሃ በጅረት ሳይሆን እንደ ሳንቲም በቁርጥ ይሰጣል አለ፤ የሳንቲሙ ዋጋ በውዝዋዜው ፍጥነት ይወሰናል። ዛሬ ሳንቲሙን ፎቶን እንለዋለን። አስቡት፤ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ባረጋገጠው በዚያው የኸርትዝ ሙከራ ውስጥ፣ ብርሃን ሞገድ ብቻ አለመሆኑ ተደብቆ ነበር።

እንግዲህ ለማማው ጭቅጭቅ፦ የ900 ሜጋኸርትዝ ስልክ አንዲት ፎቶን ከዚህ አምፖል ከሚወጣው የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን 600,000 ጊዜ ያህል ታንሳለች። ሁለት መቶ ብር የሚሸጥን ዕቃ አንድ ሻጭ «በአንድ ኖት ብቻ ነው የምቀበለው» ካለ፣ አሥር ሳንቲም በጆንያ ይዞ መምጣት አይጠቅምም። ራጅ ኬሚካላዊ እስርን ይበጥሳል፤ የስልክ ሞገድ ያንን የሚበጥስ ኖት የለውም። ማሞቅ ግን ይችላል፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የማማና የስልክ ጉልበት በደረጃ የሚገደበውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠያቂዎቹ ስንት ዋት፣ በስንት ሜትር ርቀት ብለው ይጠይቁ፤ ያ ጥያቄ መልስ አለው።

አሁን መስኮቱን እዩ።

መሽቷል። ባሕር ዛፎቹ ጠፍተዋል፣ ጀበናዋም የለችም። እኛ አለን፤ እናንተ በየወንበራችሁ፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ መስኮቱ ላይ ቆመናል። መስታወቱን ማንም አልነካውም። ቀንም ሲያደርግ የዋለው ይህንኑ ነበር፤ ከሚደርስበት ብርሃን በአንዱ ገጹ 4 በመቶ፣ በሌላው ገጹ 4 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ቀን ላይ የውጩ ብርሃን በርትቶ ሸፈነው እንጂ። የሚመለሰውም የእነዚያው ኤሌክትሮኖች ወደ ኋላ ያጨበጨቡት ነው።

በሞገድ ቋንቋ ነገሩ ቀላል ነው፤ 4 በመቶው ይመለሳል፣ ሌላው ያልፋል። ግን ብርሃኑን እጅግ አደብዝዛችሁ ፎቶኖቹን አንድ በአንድ ላኳቸው። ፎቶን አትከፈልም፤ ሩብ ፎቶን፣ ግማሽ ፎቶን የሚባል የለም። ስለዚህ በአንዱ ገጽ ላይ ከመቶ አራቱ ያህል ይመለሳሉ፣ ዘጠና ስድስቱ ያልፋሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ መስታወቱም ያው ነው። ኒውተን እንኳ በዘመኑ ብርሃን ቅንጣት ነው ብሎ ስላመነ ይህ ነገር አስጨንቆታል፤ አንዷ ቅንጣት ስትመለስ ሌላዋ የምታልፍበትን ምክንያት ከቅንጣቷ ባሕርይ ውስጥ ሊያገኝ ደክሟል። የዛሬው የኳንተም ፊዚክስ ዕድሏን እስከ ብዙ አሃዝ ድረስ በትክክል አስልቶ ይሰጠናል፤ የትኛዋ እንደምትመለስ ግን አስቀድሞ የሚነግር ስሌት የለውም፤ ልኬቱ ቢረቅም አይነግርም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ከኋላ ወንበር ብትኖር እጇን የምታወጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ቲቸር፣ አራቱን ማን መረጣቸው?» ትለኛለች። በዚህኛው ላይ መርካቶ አልገባም። ኤሌክትሪኩን አጥፉልንና ደጁ ላይ ያለችው እህታችን ቡና ሳይቀዘቅዝባት እንድረስ።